ሰንሰለቱና 24ቱ ሰዓት

አገር ቤት ውሻ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ተፈትቶ ግቢ ይጠብቃል። ልማዱን ይዘን ቴክሳስ ገባን። እዚህ ግን ከጃንዋሪ 18 ቀን 2022 ወዲህ ውሻን ደጅ በሰንሰለት አስሮ ትቶ መሄድ እስከ 500 ዶላር ያስቀጣል። ጥላ፣ ንጹሕ ውሃና መጠለያም ግዴታ ነው።

አገረ ገዥው ግሬግ አቦት በጁን 2021 ረቂቁን የጣሉት መንግሥት በሰው ጓሮ ጥቃቅን ጉዳይ አይግባ ብለው ነበር። ሕዝቡ ጮኸ፤ በኦክቶበር ተመሳሳዩን ፈረሙ።

የሕጉ ቁም ነገር ግን ሰንሰለቱ አይመስለኝም። በፊት ፖሊሱ የታሰረ ውሻ ቢያገኝ እንኳ ለባለቤቱ 24 ሰዓት መስጠት ነበረበት። የዳላስን የጁላይ ፀሐይ የምታውቁ (ታክሲ ውስጥ አንድ ቀይ መብራት እንኳ አያስችልም!) ውሻው እስከዚያ ምን እንደሚሆን አትጠይቁኝም። አዲሱ ሕግ ያንን ቀን ሰረዘው፤ ደግ አደረገ።

ሆኖም መምህር ነበርኩና ሳይማር የሚፈተን ተማሪ ያሳዝነኛል። ለእንግዳ ሰው ማስጠንቀቂያው ትምህርቱ ነበር። ውሻ ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መከተብ አለበት፤ ታዲያ ደንቡ በቋንቋችን ተጽፎ ከክትባቱ ወረቀት ጋር ቢሰጥ ምን ነበረበት? የአገሬ ልጅ የሆነው ጎረቤቴ ሕጉን የሰማው ከእኔ ነው፤ ያውም ሙቀቱ ካለፈ በኋላ።