የሳተላይት ቦታ ጠቋሚና የወረርሽኝ ቁጥጥር፦ ምን ይለካል? ምንስ ያመልጠዋል?

የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ዓለምን ካዳረሰበት ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ሕዝብ የሚሰበሰብባቸውን ቦታዎች በሳተላይት ቦታ ጠቋሚ፣ ማለትም በጂፒኤስ፣ እየተከታተሉ በሽታን መግታት ይቻላል የሚለው ሐሳብ በጤናው ዘርፍ ተደጋግሞ ይነሣል። ሐሳቡ ማራኪ ነው። ሕዝብ የተጨናነቀበት ስፍራ በካርታ ላይ ቀልቶ ሲታይ፣ የሥራው ግማሽ የተጠናቀቀ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚለካው የስልክን ቦታ ነው፤ በሽታ የሚተላለፈው ደግሞ ሰዎች በሚጋሩት አየር፣ ውኃና ምግብ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በቂ ትኩረት አላገኘም።

በቅድሚያ መታረም ያለበት አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ማንንም አያዩም፤ ማንንም አይቆጥሩም። ከምድር በላይ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው እየዞሩ የሰዓት ምልክት ብቻ ይልካሉ። ምልክቱን ተቀብሎ ያለበትን ቦታ የሚያሰላው ስልኩ ራሱ ነው። ይህ ቦታ ለሌላ ወገን የሚታወቀው በስልኩ ላይ የተጫነ ፕሮግራም በኔትወርክ አሳልፎ ሲሰጠው ነው። እንግዲህ «ሳተላይት ይከታተላል» ሲባል በተግባር የሚከታተለው መረጃውን የያዘው ኩባንያ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ተጠያቂነትም ሊፈለግ የሚገባው ከዚያው ነው።

የመለኪያው ትክክለኛነት ሌላው ጉዳይ ነው። ሰማይ በሚታይበት ገላጣ ቦታ እንኳ አንድ ተራ ስማርት ስልክ 5 ሜትር ያህል ሊስት ይችላል፤ በጣሪያና በግድግዳ ሥር ደግሞ ምልክቱ ይደክማል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። በትንፋሽ የሚተላለፉ በሽታዎች በበኩላቸው የሚበረቱት አየር በማይዘዋወርበት ዝግ ክፍል ውስጥ ነው። መሣሪያው በደንብ የሚሠራው በሽታው በሚደክምበት ሜዳ ላይ ሲሆን፣ የሚታወረው በሽታው በሚበረታበት ክፍል ውስጥ ነው ማለት ነው። በአንድ ሕንፃ ምድር ቤትና ስድስተኛ ፎቅ ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች በካርታው ላይ አንድ ነጥብ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። ግድግዳ የሚለያቸው ጎረቤታሞችም ንክኪ እንዳላቸው ይቆጠራሉ።

የኖርዌይ ተሞክሮ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የአገሪቱ የኅብረተሰብ ጤና ተቋም በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. «ስሚተስቶፕ» የተባለ፣ ጂፒኤስንና ብሉቱዝን ያጣመረ የስልክ ፕሮግራም ሥራ ላይ አዋለ። የተጠቃሚዎች የእንቅስቃሴ መረጃ በአንድ ማዕከል ይከማች ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ የአገሪቱ የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን፣ የተገኘው ጥቅም በዜጎች የግል ሕይወት ላይ የሚደረገውን ይህን ያህል ጣልቃ ገብነት እንደማያስፈቅድ አሳወቀ። ተቋሙ በውሳኔው ባይስማማም በሰኔ ወር አሠራሩን አቁሞ የተሰበሰበውን መረጃ ደመሰሰ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የወጣው ተተኪ ፕሮግራም በብሉቱዝ ብቻ የሚሠራ ነበር። ሕግ በተከበረበትና ሕዝብ በመንግሥቱ በሚተማመንበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ ቴክኖሎጂውን ሳይመረምሩ ለመኮረጅ የሚቸኩሉ ሁሉ ሊያስቡበት ይገባል።

የደቡብ ኮሪያ ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ ይበልጥም ያስተምራል። አገሪቱ በ2015 እ.ኤ.አ. በመርስ 186 ሰዎች ከተያዙባት በኋላ፣ በወረርሽኝ ጊዜ የስልክ ቦታ መረጃን ለመጠቀም የሚያስችል ሕግ አወጣች። በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. ከሴኡል የምሽት ክበቦች ተነሥቶ በጥቅሉ 246 ሰዎችን የያዘ የኮቪድ ወረርሽኝ ሲከሰት ባለሥልጣናቱ በሕጉ ተጠቀሙ። እዚህ ላይ የተመረመረው የሞባይል አንቴናዎች መዝገብ እንጂ ጂፒኤስ አልነበረም። በአካባቢው የቆዩ ከ10 ሺህ በላይ ስልኮች ተለይተው ባለቤቶቻቸው እንዲመረመሩ መልእክት ደረሳቸው። ነገር ግን ከክበቦቹ አንዳንዶቹ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች የሚያዘወትሯቸው መሆናቸው በጋዜጦች ስለተነገረ፣ ማንነታችን ይጋለጣል ብለው የፈሩ ሰዎች ከምርመራ ሸሹ። የከተማው አስተዳደር ስም ሳይጠየቅ በስልክ ቁጥር ብቻ መመርመር እንዲቻል ሲፈቅድ የተመርማሪው ቁጥር ጨመረ። በአገራችን የኤችአይቪ ምክርና ምርመራ በስም ምትክ በመለያ ቁጥር ይሰጥ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውስ ባለሙያ ምክንያቱ አይጠፋውም። አንቴናው ስልኮቹን አገኘ፤ ሰዎቹን ወደ ምርመራ ያመጣቸው ግን የምስጢር ዋስትናው ነበር።

ይህ ሲባል የቦታ መረጃ ለወረርሽኝ ቁጥጥር አይረባም ማለት አይደለም። በሐይቲ በጥቅምት 2010 እ.ኤ.አ. ኮሌራ ሲነሣ፣ የስዊድኑ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩትና የአሜሪካው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአንድ የስልክ ኩባንያ የማንንም ማንነት የማይገልጥ መረጃ ተቀብለው፣ ሕዝቡ ከወረርሽኙ አካባቢ ወዴት እንደሚሄድ መረጃው በደረሳቸው በ12 ሰዓት ውስጥ አሳዩ። ጥያቄያቸው ማን የት ነበር የሚል አልነበረም፤ ቀጥሎ መድኃኒትና ባለሙያ የት መድረስ አለበት የሚል ነበር።

ይኸው ጥያቄ እኛም ዘንድ አለ። በ2023 እ.ኤ.አ. በአማራ ክልል ቋራ ወረዳ፣ በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ከየአካባቢው በተሰበሰቡ ምእመናን መካከል ኮሌራ ተቀስቅሶ ነበር። በእንዲህ ያለ ስፍራ የሰውን ብዛት ለማወቅ ሳተላይት አያስፈልግም፤ ጸበልተኛው በዓይን ይታያል። ስልክ የሌለው ወይም ባትሪው ያለቀበት ጸበልተኛ ደግሞ ካርታው ላይ የለም፤ ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጠው ግን ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። የሚያስፈልገው የውኃ ነጥቦችና የመጸዳጃ ቦታዎች ልኬት፣ እንዲሁም ጸበልተኞቹ ወደየትኞቹ ወረዳዎች እንደሚመለሱ ማወቅ ነው። የመጀመሪያውን አንድ የጤና ባለሙያ በእጅ ጂፒኤስ በአጭር ጊዜ ይመዘግበዋል፤ ሁለተኛውን በመናኸሪያ ቆሞ መጠየቅ ይቻላል።

የጤናው ዘርፍ የቦታ መረጃን በጥንቃቄ መያዝ ከጀመረ ቆይቷል። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናቶች የተጠኑ አካባቢዎች መገኛ ለተመራማሪዎች ሲሰጥ፣ በከተማ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ በገጠር በአብዛኛው እስከ 5 ኪሎ ሜትር ሆን ተብሎ ይዛነፋል፤ ጥናቱ ላይ የተሳተፈ ቤተሰብ ተለይቶ እንዳይታወቅ። ለወረርሽኝ መቆጣጠሪያ ተብለው የሚቀርቡ የክትትል ዕቅዶች በዚህ ሚዛን ሲታዩ ጎዶሎ ናቸው፤ መረጃው ወረርሽኙ ካበቃ ከስንት ቀን በኋላ እንደሚደመሰስና መደምሰሱን ማን እንደሚያረጋግጥ አብዛኛውን ጊዜ አይገልጹም።