ተፈጸመ ካሉ በኋላ

የግዕዝ ጸሐፍት ብራናውን ሲጨርሱ «ተፈጸመ» ይላሉ። ብዕራቸውን ግን ወዲያው አያስቀምጡም። ስለጻፈው፣ ስላስጻፈው፣ ስለሚያነበውና ስለሚሰማው ምሕረት የሚለምን ጸሎት ያስከትላሉ። መጽሐፉ አለቀ እንጂ ሰዎቹ አላለቁም። እኔም አጭር ልብ ወለድ ስጽፍና ወጣቶችን ሳስጽፍ ስለ ታሪክ አጨራረስ የተማርኩት ዞሮ ዞሮ ይኸው ነው። ዕድሜዬ ሲገፋ ደግሞ ይበልጥ ገባኝ።

ደቡብ ኦሞ ውስጥ፣ ካኮ ላይ ከአንድ የበና ወጣት ጋር ድርሰቱን ቁጭ ብለን አርመናል። ታሪኩ ስለ ከብት ዝላይ ነው። በበናም ሆነ በሐመር ወንድ ልጅ ለትዳር የሚበቃው በተሰለፉ ከብቶች ጀርባ ላይ እየተመላለሰ ሮጦ ሲያልፍ ነው። ለመዝለል የተዘጋጀው ኡኩሊ ይባላል፤ ቀድመውት የዘለሉትና ገና ያላገቡት ማዝ ናቸው። ልጁ ዝላዩን አሳምሮ ጽፎታል፤ የከብቶቹ ጀርባ ሲንቀጠቀጥ ከእግሬ ሥር የተሰማኝ መሰለኝ። ከዝላዩ በኋላ እናትየዋ ሾፎሮ፣ የቡና ገለባ መጠጥ፣ በቅል ታቀብለዋለች። «ትኩስ ነው፣ ቀስ ብለህ» ትለዋለች። ከዚያ በታች አንድ ሙሉ አንቀጽ ነበረ፦ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሙሉ ሰው ሆነ፣ ልጅነቱም ላይመለስ ተሰናበተው የሚል።

አንቀጹ ይውጣ አልኩት። አልተዋጠለትም። «ታዲያ ጋሼ፣ አንባቢው ታሪኩ ማለቁን በምን ያውቃል?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዝላዩ ግን አንድ ገጽ ቀደም ብሎ ሁሉን ጨርሶታል። ከእሱ በኋላ ሌላ ዝላይ አያስፈልግም። በከብት ጀርባ ላይ የሮጠው ጎረምሳ ትኩስ መጠጥ እንዳያቃጥለው እናቱ ስትጠነቀቅለት ልጅነቱ አለቀም፣ አላለቀምም። ይህን ያየ አንባቢ ምንም ማብራሪያ አይፈልግም። ተማሪዬ ጥቂት ካሰበ በኋላ አንቀጹን በገዛ እጁ ሰረዘው።

የልጅነት መጨረሻ እንዲህ ቀን ተቆርጦለት፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ ጥሩንባ እየተነፋ ይከበራል። እርጅና ግን አዋጅ የለውም። መጀመሪያ «ወንድም» ትባላለህ፣ ቀጥሎ «ጋሼ»፤ አንድ ማለዳ ደግሞ ጂንካ መናኸሪያ ላይ ረዳቱ «አባባ፣ እርስዎ ከፊት ይግቡ» ይልሃል። እኔ በጣም ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። ከፊት ወንበር መንገዱ ይታያል፣ የሹፌሩም ጨዋታ አያመልጥም። አንድ የዕድሜ ምዕራፍ አልቆ ሌላው ሲጀምር ማንም ሳይነግርህ ወንበር ብቻ ይቀየራል። በልብ ወለድም አብዝቼ የምወደው አጨራረስ እንዲህ ያለው ነው።

ወጣት ጸሐፊ ገጸ ባሕርያቱን መግደል ይቀናዋል። አልፈርድበትም፤ ሞት የማያከራክር መጨረሻ ይመስላል። ሐዲስ ዓለማየሁን ምሳሌ አድርገው የሚያመጡብኝም ብዙ ናቸው። እሳቸው ግን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን መጽሐፍ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲሉት መድረሻውን ገና ከሽፋኑ ላይ ነግረውናል። ማንም መቃብር እንዳለ አውቆ ነው መጀመሪያውን ገጽ የሚገልጠው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከውም አድማጩ ያን እያወቀ ነው ጆሮውን የሰጠው። ስለዚህ የመጽሐፉ ኃይል ያለው በመንገዱ ላይ እንጂ መጨረሻውን በመደበቅ አይደለም። ደግሞም ደራሲው ያን ሲያሳትሙ ሃምሳ ስድስት ዓመት ገደማቸው ነበር። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልምዣት» በ1980 ተከተሉ። ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ በ1985፣ «ትዝታ»ን ይዘው ወደ ጣልያን ወረራ ዘመን ወጣትነታቸው ተመለሱ። ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል፤ ገና የምጽፈው አለ ማለት ነው።

ከእኛው አካባቢም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 የታተመው የኢቮ ሽትሬከርና የጂን ሊዳል ሥራ አለ። ሁለተኛው ቅጽ ባልዳምቤ የተባሉት የሐመር ሰው የሕዝባቸውን ኑሮ በራሳቸው አንደበት የተረኩበት ነው። ሽትሬከር ኋላ ጂንካ ላይ የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከልና ሙዚየም እንዲቋቋም የደከሙ ምሁር ናቸው። ስለ አተራረክ ለሚጠይቁኝ ልጆች ሁሉ ይህን ቅጽ ደጋግሜ አነሳለሁ። በርኮታ በምትባለው ትንሽ የእንጨት መቀመጫ ላይ ተቀምጦ የሚያወጋ ሽማግሌ ለመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አይጨነቅም፤ ጨዋታው የሚቆምበትን ከሰሚው ፊት ያነበዋል። በወረቀት ላይ የሰሚው ፊት የለንምና በግምት መጻፍ ግድ ይለናል፤ የሙያው ከባዱ ነገርም ይህ ይመስለኛል።

አሁን በእጄ ያለው ታሪክ የአንድ የበና ንብ አናቢ ነው። ቀፎው ግራር ላይ ተሰቅሏል። ዘንድሮ ጉልበቱ ስላልፈቀደለት ልጁ ወጥቶለታል፤ እሱ ከሥር ሆኖ ጢሱን አብዛ፣ አሳንስ እያለ ያዝዛል። ማሩ ወርዶ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የሚቀምስበትን ክፍል ጽፌ ነበር፤ ላወጣው ነው። ልጁ ከላይ «አባ፣ ይህችን እንጀራ ልቁረጣት ወይስ ለንቦቹ ልተዋት?» ብሎ ሲጠይቅ ላቁም ብያለሁ። የአባትየው መልስ ይግባ አይግባ ገና አልወሰንኩም፤ ከገባም ከሁለት ቃል አይበልጥም።