የርካሽ ፕሪንተር ሆድ ዕቃ

ኤፕሰን ኤል3250ን ከካርቶን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ ሰው መጀመሪያ ቅር ይለዋል። ክብደቱ አራት ኪሎ ገደማ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ይወላገዳል፣ የወረቀት መደገፊያው ጠንከር አድርገው ቢይዙት የሚሰበር ይመስላል፣ ስክሪን የሚባል ነገር የለውም። ለልጆች ወርክሺት፣ ለመታወቂያ ኮፒ፣ ለማመልከቻና ለሲቪ ተብሎ የሚገዛ የቤት ዕቃ ስለሆነ ማንም ተአምር አልጠበቀም፤ ቢሆንም «ያን ሁሉ ብር ያወጣሁት ለዚህ ፕላስቲክ ነው?» ማለት ያለ ነው።

ስለ ፕላስቲኩ ልክ ነው። ግን እንዲህ ያለ ማሽን ላይ ለመፍረድ ሠሪዎቹ ገንዘባቸውን የት እንዳፈሰሱና የት እንደሰሰቱ ማየት ያስፈልጋል። የሰሰቱት እጅ በሚነካው በኩል ነው። ያፈሰሱት ደግሞ ዐይን ፈልጎ ካልሄደ በማይደርስበት።

የስካነሩን ክፍል ከነክዳኑ ወደ ላይ ያንሱና ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ቀለም የሚተኩሰውን ክፍል፣ ሄዱን፣ የተሸከመው ጋሪ በሚመላለስበት ሐዲድ ትይዩ፣ ከዳር እስከ ዳር የተወጠረ ስስ የፕላስቲክ ጥብጣብ አለ። ግራጫ ይመስላል። አንዳንዱ የማሸጊያ ትራፊ መስሎት ሊነቅለው ይቃጣል። ቀረብ ብለው፣ ከተገኘም በማጉያ መነጽር ቢያዩት ጥብጣቡ ግራጫ አይደለም፤ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ላይ የተሰለፉ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ናቸው። ከጋሪው ጀርባ ያለች ትንሽ የብርሃን ዐይን ጥብጣቡን ከሁለት በኩል አቅፋ አብራ ትሮጣለች። በእያንዳንዱ መስመር ብርሃኑ ይቋረጣል፤ እሷም ትቆጥራለች።

ይህን ጥብጣብ ሳየው ሠሪዎቹን ባርኔጣ አውልቄ ሰላም ማለት ያምረኛል። ቀደም ባሉት ፕሪንተሮች ጋሪው የት እንዳለ የሚታወቀው ደረጃ በደረጃ በሚዞር፣ እርምጃው በተለካ ሞተር ነበር። እዚህ ያለው ሞተር ግን ተራ ዲሲ ሞተር ነው፤ የሚጎትተውም ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ። ሞተሩ ቢዘገይ፣ ቀበቶው በዕድሜ ቢላላ ግድ የለም። ማሽኑ ቀለም የሚተኩሰው ሞተሩ «ደርሻለሁ» ባለበት ቦታ አይደለም፤ ጥብጣቡ በመሰከረበት ነው። ውድ መሆን የነበረበት ብረት ሁሉ ርካሽ እንዲሆን የተፈቀደለት አንዲት ቁራጭ ፕላስቲክ ላይ መስመር በጥንቃቄ ስለተሰመረ ነው። ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል። ቅባት ያለው ጣት ካረፈበት ወይም የቀለም ብናኝ ከተለጠፈበት የብርሃን ዐይኗ ቁጥር ይጠፋባታል፣ ጋሪው ከዳር ይላተማል፣ የቤቱም ሰው «ተቃጠለ» ብሎ ወደ ጥገና ቤት ይሮጣል። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው በትንሽ ውኃ የራሰ ለስላሳ ጨርቅና የማይቸኩል እጅ ነው።

ሄዱ ራሱ አይታይም፤ ፊቱን ወደ ታች ደፍቶ ነው የሚሠራው። በዚያ ፊት ላይ ለጥቁር ቀለም 180፣ ለሦስቱ ቀለማት ደግሞ ለእያንዳንዳቸው 59፣ በድምሩ 357 ቀዳዳዎች አሉ። ከአንዱ ቀዳዳ የምትወጣው ትንሿ ጠብታ 3 ፒኮሊትር ናት። አንድ ሚሊ ሊትር ቀለም በዚህ ልክ ቢከፋፈል ከ330 ሚሊዮን በላይ ጠብታ ይወጣዋል። ጠብታዋ በአየር ላይ ስትበር ስፋቷ የሚሊ ሜትር ሃምሳኛ እንኳ አይሞላም። ጋሪው ደግሞ ቆሞ አይጠብቃትም፤ እየሮጠ ነው የሚተኩሳት። ስለዚህ ከታለመላት ነጥብ ቀደም ብላ መለቀቅ አለባት። ወደ ቀኝ ሲሄድ በአንድ በኩል፣ ወደ ግራ ሲመለስ በሌላው በኩል ቀድማ።

ጠብታዋን የሚገፋት ሙቀት አይደለም። በካኖንና በኤችፒ ማሽኖች ቀለሙ ከአንዲት ኢምንት ማሞቂያ ላይ በቅጽበት ይፈላና አረፋው ጠብታውን ያስፈነጥረዋል። የካኖኑ ኢቺሮ ኤንዶ እ.ኤ.አ. በ1977 ቀለም የያዘ የመርፌ ጫፍ በጋለ የብየዳ ብረት ሲነካ ቀለሙ ሲረጭ አይቶ ነው መንገዱን ያገኘው ይባላል። ኤፕሰን የያዘው ሌላ መንገድ ነው። ፒየርና ዣክ ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1880 አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አሳይተው ነበር፤ ተገላቢጦሹም፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲሰጣቸው ቅርጻቸውን እንደሚለውጡ፣ በዓመቱ ታወቀ። በሄዱ ውስጥ ያለችው ስስ ገጽ ኤሌክትሪክ ሲነካት ትለመጣለች፤ መጀመሪያ ቀለሙን በጥቂቱ ወደ ውስጥ ትስባለች፣ ወዲያው ትገፋዋለች። ምን ያህል እንደተለመጠች የጠብታዋን መጠን ይወስናል። ለዚህ ነው አንድ ቀዳዳ ለፊት ቆዳ ትንንሽ፣ ለጥቁር ጽሑፍ ትልልቅ ጠብታ መጣል የሚችለው።

ኤፕሰን ከሰዓት ሠሪው ከሴይኮ ቤት የተወለደ ነው። ናጋኖ ውስጥ ሱዋ በሚባለው አካባቢ ያሉት ባለሙያዎች ለ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሰዓት እየለካ ውጤቱን የሚያትም መሣሪያ ሠርተው ነበር። ከዚያ የተማሩት እ.ኤ.አ. በ1968 ኢፒ-101 የተባለችውን ትንሽ ማተሚያ አስገኘ። የሰዓት ሠሪ ልማድ ከዚህ ርካሽ ሳጥን ውስጥም አልጠፋም፤ ዋናው ሥራ እንዲከናወን ሌላው ሁሉ ይቆጠባል።

ማሽኑ ሲያርፍ ሄዱ ወደ ቀኝ ጥግ ይገባና ከሥሩ የጎማ ከንፈር ያለው ክዳን ተነሥቶ አፉን ይገጥምለታል። ቀዳዳዎቹ እንዳይደርቁ የሚጠብቃቸው ያ ነው፤ በበጋ ደረቅ አየር ደግሞ ቀለም ለመድረቅ ብዙ አይፈልግም። እኛ አገር ይህን ክዳን የሚፈትነው መብራት ነው። በማተም ላይ እያለ መብራት ከጠፋ ሄዱ መንገድ ላይ አፉን ከፍቶ ይቀራል። መብራት ሲመጣ ማሽኑን አንዴ አብርቶ በራሱ ቁልፍ ማጥፋት ነው፤ ሄዱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በየማታው ከሶኬት እየነቀሉ የሚያጠፉ ሰዎች ሄዱ ሳይሸፈን ሊያድር እንደሚችል አያስተውሉም። ሄዱ ከደረቀና ከደደረ ደግሞ መቀየሩ ቀላል አይደለም። በዚህ በኩል በሙቀት የሚሠሩት ባለ ቀለም ታንክ የካኖንና የኤችፒ ፕሪንተሮች ይሻላሉ፤ ሄዳቸው በባለቤቱ እጅ ተነቅሎ ይቀየራል።

ወደ ቀለሙ ልምጣ። በቀለም ታንክ የሚሠራው የኤፕሰን ዓይነት መጀመሪያ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2010 በኢንዶኔዥያ ነው። ምክንያቱም የሚያስቅ ነው። እዚያ ያሉ ሰዎች የካርትሬጅ ዋጋ ቢመራቸው ፕሪንተራቸውን ጎን በስተው፣ ቱቦ ቀጥለው፣ ከውጭ ጠርሙስ አንጠልጥለው ያትሙ ነበር። ኩባንያው ያንን የመንደር ብልሃት ወስዶ ወደ ሳጥኑ አስገባው። ዛሬ የጥቁሩ ጠርሙስ 4,500 ገጽ፣ ሦስቱ ቀለማት በአንድነት 7,500 ገጽ ያትማሉ ይላል። ይህ በመለኪያ ገጽ የተሰላ ነው፤ ፎቶ የሚያትም ሰው ከዚያ በጣም ያነሰ ያገኛል። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶችም ቱቦውን መሙላት ስላለባቸው ቶሎ ያልቃሉ።

እኔ የማደንቀው ግን የጠርሙሱን አንገት ነው። ገልብጠው ከራሱ ቀለም መሙያ አፍ ላይ ሲተክሉት ሳይጨምቁት መውረድ ይጀምራል፤ ታንኩ ከላይኛው መስመር ሲደርስ ቀጥ ይላል። ሞተር የለም፣ ቫልቭ የሚዘጋ ኤሌክትሪክ የለም። ቀለም በአንድ መንገድ ሲወርድ አየር በሌላው ወደ ጠርሙሱ ይገባል። ቀለሙ ከፍ ብሎ የአየሩን መግቢያ ሲሸፍን መተንፈሻ ያጣው ጠርሙስ ማፍሰሱን ያቆማል። ጓሮው ውስጥ የተገለበጠ ጀሪካን ለዶሮ ውኃ ማጠጫ ያደረገ ሰው ይህን አሠራር ሳይነገረው ያውቀዋል። እጅ ሳይነካ፣ ጠረጴዛ ሳይበላሽ ያልቃል። ከመስመሩ ላይ ካቆመ በኋላ «ትንሽ ይጨመር» ብሎ ደግሞ የሚተክል ሰው ግን የሚያፈስሰው ራሱ ነው።

የማሽኑን ሥራ ወረቀት ላይ ለመመዘን የፎቶ ናሙና አያስፈልግም። ፊደላችን ይበቃል። በ8 ነጥብ መጠን ቡ፣ ቢ እና ቤ ብለው አንድ መስመር ያትሙ። የቡ ቅጥያ ከቀኝ እግሩ ወገብ፣ የቢ ከእግሩ ጫፍ ወደ ቀኝ ይወጣል። የቤ ደግሞ እዚያው ጫፍ ላይ ክብ ቀለበት ነው፤ ቀለበቱ በዚህ መጠን ቢበዛ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ በውስጡ ያለው ነጭ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ፕሪንተር የሚመሰገነው ወይም የሚወቀሰው በዚያች ነጭ ነው። ጠብታዎቹ ከታለመላቸው በጥቂቱ ከራቁ ወይም ወረቀቱ ቀለም ከጠጣ ቀለበቱ ይደፈንና ቤ ቢን መምሰል ይጀምራል። የላቲን ፊደል የሚያነብ ገምጋሚ እንዲህ ያለ ፈተና ብዙም አይገጥመውም። ይህ ማሽን በመደበኛው ጥራትና በደህና 80 ግራም ወረቀት ላይ ቀለበቱን ክፍት አድርጎ ያትማል፤ ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝም ይለያሉ። ድራፍት ላይ ሲያደርጉት ጽሑፉ ይገረጣል፣ የፊደሉ ጠርዝ በነጠብጣብ ይሸረፋል፤ ለልጅ የቤት ሥራ ይሆናል፣ ለማመልከቻ አይሆንም። የበ እግሮች ድርብ ሆነው ወይም ተሸራርፈው ከታዩ ቀለሙን አይጠርጥሩ። ጋሪው ሲሄድና ሲመለስ የሚጥላቸው መስመሮች አልገጠሙም ማለት ነው፤ ሄድ አላይንመንት የሚባለውን ማሠራት ይበቃል።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ትንሽም አይደለም። ጥቁሩን ጨምሮ አራቱም ቀለሞች በውኃ የሚሟሙ ናቸው። ለፎቶ ጥሩ ነው፤ ያበራል፣ ይዋሃዳል። በክረምት በእጁ ማስረጃ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ለሚንከራተት ሰው ግን አንዲት የዝናብ ጠብታ ስሙን ልታጠፋበት ትችላለች። በተመሳሳይ የዋጋ ደረጃ ካሉት ውስጥ የካኖን ጂ ተከታታይና የኤችፒ ስማርት ታንክ ለጥቁሩ የሚጠቀሙት ወረቀት ላይ የሚቀመጥ፣ ውኃን የሚቋቋም ፒግመንት ቀለም ነው። አብዛኛው ሥራው ጽሑፍ የሆነ ቤት ይህን አመዛዝኖ መግዛት አለበት። እኔ ብሆን ለጽሑፍ ወደዚያኛው አደላለሁ።

ስካነሩ ለመታወቂያና ለአንድ ነጠላ ወረቀት ጥሩ ነው። እንዲህ ስስ ሊሆን የቻለው ዳሳሹ ከመስታወቱ ሥር ተጠግቶ ስለሚያነብ ነው፤ ለዚያም ነው ወፍራም መጽሐፍ ሲገለጥበት ከመስታወቱ የራቀው የመሐል ስፌት የሚደበዝዘው። በሁለት ገጽ ማተም በእጅ ገልብጦ ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ አሥር ገጽ ጥቁር፣ አምስት ገጽ ቀለም ነው፤ ለቤት ማን ይቸኩላል።

ሠሪዎቹ ያለ ቦታው የሰሰቱት ግን ቆሻሻ ቀለም በሚጠራቀምበት ስፖንጅ ላይ ነው። ሄድ ክሊኒንግ የሚባለው የሄድ ማጽጃ በታዘዘ ቁጥር የሚመጠጠው ቀለም ወደዚያ ይሄዳል፤ ማሽኑም መጠኑን በቁጥር ይይዛል። ቁጥሩ ሲሞላ፣ ሄዱ ጤነኛ ታንኩም ሙሉ ሆኖ፣ ማሽኑ አላትምም ብሎ ይቆምና ባለሙያ ጥሩ ይላል። ጠርሙሱን ያለ አንዲት ጠብታ ብክነት እንዲቀዳ አድርጎ የሠራ ቤት ይህን ስፖንጅ ባለቤቱ ስቦ የሚቀይረው ዕቃ ማድረግ አያቅተውም ነበር። ስለዚህ ትንሽ በገረጣ ቁጥር ክሊኒንግ አይዘዙ፤ መጀመሪያ ኖዝል ቼክ የሚባለውን የቀዳዳዎች መፈተሻ ገጽ ያትሙ። ከጥቂት ቀን አንዴ አንድ የቀለም ገጽ ማተምም ከክሊኒንግ ይልቅ ቀለም ይቆጥባል።

ኖዝል ቼኩ ዕቃውን ሲረከቡም ያገለግላል። ሻጩ ቀለሙን ሞልቶ ካስነሣልዎት ያንን ገጽ አሳትመው ወደ መስኮት ይዘውት ይሂዱ። በአራቱ ቀለማት ደረጃ የሚመስሉ አጫጭር ጭረቶች ያያሉ፤ እያንዳንዷን ጭረት የጻፈችው አንዲት ቀዳዳ ናት። ቢጫውን በደንብ ይዩት፣ ነጭ ወረቀት ላይ ይደበቃል። ጭረት ከጎደለ አንድ ጊዜ ክሊኒንግ አሠርተው እንደገና ያሳትሙ። ያው ጭረት አሁንም ከሌለ ሌላ ካርቶን ያስከፍቱ።