ግርጌው እንዳይንዘረፈፍ

ከሰልባጅ የተገዛ ረጅም ቲሸርት ለማሳጠር የሚያመጣ ሰው ሁሉ ስጋቱ አንድ ነው፤ ግርጌው ይንዘረፈፋል ብሎ ይፈራል። እውነቱን ነው። በተራው የስፌት መኪና ሲሰፋ እግሩ ጨርቁን ከላይ ተጭኖ ይይዘዋል፣ ጥርሱ ከታች ይጎትተዋል። እንደ ቲሸርት ያለ የሚሳብ የሹራብ ጨርቅ በዚህ መሀል ይለጠጥና እንደተለጠጠ ይሰፋል። ከዚያ በኋላ ካውያ የሚመልሰው ጥቂቱን ነው።

ጠርዝ እየቆረጠ የሚዘመዝመው መኪና፣ ኦቨርሎክ፣ ግን ለዚህ ጨርቅ ባዳ አይደለም። በ1889 እ.ኤ.አ. ፓተንቱን ያወጣው ጆሴፍ ሜሮው ቤተሰቡ በአሜሪካ ኮኔቲከት የሹራብ ፋብሪካ ነበረው። ዛሬ ግን ብዙ ሰው ኦቨርሎክ ቤቱ እያለ ጫፍ መዘምዘሚያ ብቻ ያደርገዋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ትልቁ ጥቅሙ ዲፈረንሻል በሚባለው ቁልፍ ላይ ነውና።

ከእግሩ ስር ያለው ጥርስ ሁለት ነው፤ የፊትና የኋላ። ቁልፉ 1 ላይ ሲሆን እኩል ይሄዳሉ። ወደ 1.5 ወይም 2 ሲዞር የፊተኛው ይፈጥንና ጨርቁን እየሰበሰበ ለመርፌው ያቀብላል፤ ሊለጠጥ የነበረው ቀድሞ ይሰበሰባል። ስለዚህ ጨርቁን በእጅ መሳብም መግፋትም አያስፈልግም፣ አቅጣጫ ማስያዝ ይበቃል። ከ1 በታች ከሆነ ተቃራኒው ይሆናል፤ የልጅ ቀሚስ ጫፍ ሆን ተብሎ የሚሞገደው በዚህ ነው።

ቁጥሩን የሚነግረኝ ከቲሸርቱ ራሱ የቆረጥኩት ቁራጭ ነው። ሹራብ በአግድሙ ይበልጥ ስለሚሳብ፣ ከግርጌው የወጣ ቁራጭ አቅጣጫውም ትክክል ነው። ሰፍቼ ጠረጴዛ ላይ አነጥፈዋለሁ። ከሞገደ ቁልፉን ከፍ፣ ከተጨማደደ ዝቅ አደርጋለሁ።

ለግርጌ የምወደው አጥፎ መልሶ ማጠፍን ነው። 3 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ አጥፋለሁ፣ ያንኑ እጥፋት ወደ ፊተኛው ገጽ እመልሰዋለሁ፤ ጥሬው ጠርዝ ከአዲሱ እጥፋት ትንሽ ብቅ ይላል። ኦቨርሎኩ ሦስቱንም ድርብ ይይዛል። ዓይን ከቢላው መነሳት የለበትም፤ መቁረጥ ያለበት ብቅ ያለውን ብቻ ነው፣ እጥፋቱን ከነካ ልብሱ ይበሳል። ሲገለጥ ለብቻው የተቀጠለ ጠፍር ይመስላል፣ ስፌቱም አብሮ ስለሚሳብ በዳሌ ላይ ሲያልፍ አይበጠስም።

መርፌው ጫፉ ድቡልቡል ይሁን። የሾለ መርፌ የሹራቡን ክር ይበጥሳል፤ ቀዳዳውም የሚታየው ልብሱ ከታጠበ በኋላ፣ ባለቤቱ ቤት ነው።