የሞኒተሩ ጥፋት ነውን? የኮምፒዩተር ሥርዓት ከተለወጠ በኋላ ስለሚደረገው ጥገና የቀረበ ሒስ

ማናቸውም መሣሪያ በተበላሸ ጊዜ ሁለት ሥራዎች ይጠብቁናል፤ አንደኛው የብልሽቱን ምክንያት ማወቅ፥ ሁለተኛው ብልሽቱን ማስወገድ ነው። ሁለተኛው ያለ አንደኛው የተሠራ እንደ ሆነ ገንዘብም ጊዜም ይባክናል። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመረምረው፥ ዊንዶውስ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት በአዲስ ከተተካ በኋላ የሞኒተሩ ምስል ሲለጠጥ፥ ሲወፍር ወይም ሲደበዝዝ በተለምዶ የሚሰጠውን መድኃኒት ነው። አሳባችንም ይህ ነው፤ የተለመደው መድኃኒት በሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈውሰውም፥ በአማርኛ አንባቢ ላይ የሚያደርሰውም ጉዳት በላቲን ፊደል አንባቢ ላይ ከሚያደርሰው ይበልጣል።

ጉዳዩ አሁን የሚነሣበት ምክንያት አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በ2012 ዓ.ም.፥ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ስለዚህ አሮጌ ኮምፒዩተር ያለው ሁሉ ሥርዓቱን ለመለወጥ ይገደዳል። እንደ አቃቂ ቃሊቲ ባለው ክፍለ ከተማ፥ ፋብሪካው፥ መጋዘኑ፥ ጉምሩኩና የወረዳው ጽሕፈት ቤት በተጎራበቱበት ስፍራ፥ የብዙ ሰው ጉዳይ በኮምፒዩተር ጽሕፈት ሱቅ በኩል ያልፋል። ባለጉዳዩ ስሙን በቃሉ ይናገራል፤ ጸሐፊዋ ትመታዋለች፤ ትክክል መሆኑን ሁለቱም የሚያረጋግጡት በሞኒተሩ ላይ ነው። እንግዲህ ሞኒተሩ ፊደልን ከፊደል ለይቶ ካላሳየ፥ ስሕተቱ ፊርማና ማኅተም ተደርጎበት ይወጣል። ከዚያ በኋላ ለማረም የሚጠየቀውን ምልልስ ባለጉዳይ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ከሚሰጡት ምክሮች አንደኛው «ሞኒተሩ አርጅቷል፤ ይለወጥ» የሚለው ነው። ይህን ምክር አንድ ቀላል ጥያቄ ያፈርሰዋል። ትናንት አጥርቶ ያሳይ የነበረ ሞኒተር፥ ሥርዓቱ በተለወጠበት ሰዓት እንዴት በድንገት ሊያረጅ ይችላል? የተለወጠው ሥርዓቱ ከሆነ፥ ምርመራው መጀመር ያለበት ከተለወጠው ነገር ነው።

የሞኒተር ፊት ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሞላ ነው። የነጥቦቹም ቍጥር ከፋብሪካ ሲወጣ የተወሰነ ነው፤ ለምሳሌ በአግድም 1366፥ በቁመት 768 ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ይህን ልክ ጠብቆ እንዲልክ ድራይቨር የተባለ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። አንድ ባለሙያ ኮምፒዩተሩን ፎርማት አድርጎ ሥርዓቱን ከፍላሽ ሲጭን፥ በተለይም ኢንተርኔት በሌለበት፥ ትክክለኛው ድራይቨር ሳይገባ ሊቀር ይችላል። በዚያን ጊዜ ዊንዶውስ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» በተባለው የድንገተኛ ጊዜ ድራይቨር ይሠራል፤ ምስሉም ብዙ ጊዜ 1024 በ768 ሆኖ ይቀራል። ሞኒተሩ ይህን በ1366 ነጥብ ላይ ለመዘርጋት ሲል የ3 ነጥብን ምስል በ4 ነጥብ ስፍራ ይለጥጠዋል፤ ቁመቱ ግን አይጨምርም። ክብ የነበረው ሁሉ ሞላላ የሚሆነው፥ ጠርዙም የሚደበዝዘው ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የፊደላችንን ጠባይ ማስታወስ ይገባል። የላቲን ፊደል አንባቢ ምስሉ ቢለጠጥም ኤን ኤ ብሎ አያነበውም። የእኛ ፊደል ግን ድምፁን የሚለውጠው በትንሽ ጭረትና በትንሽ ቀለበት ነው። «ቲ» እግሯ ላይ ጭረት አላት፤ «ቴ» በዚያው ስፍራ ቀለበት አላት። በተለመደው በ12 መጠን የተጻፈ ፊደል የሚያገኘው ጠቅላላ ቁመት 16 ፒክስል ያህል ነው። ቀለበት ቀለበት ሆኖ እንዲታይ ደግሞ መካከሉ ባዶ መሆን ስላለበት፥ ቢያንስ 3 በ3 ፒክስል ይፈልጋል። ምስሉ ሲለጠጥ ያች አንዲት ባዶ ነጥብ ከጎረቤቶቿ ጥቁረት ጋር ተቀላቅላ ግራጫ ትሆናለች፤ ቀለበቱም ጭረት ይመስላል። ያን ጊዜ «ቤቴ» እና «ቤቲ»፥ «አሊ» እና «አሌ» በዓይን አይለዩም። አንዱ ንብረት፥ ሌላው የሰው ስም ነው፤ ወይም ሁለቱም የተለያዩ ሰዎች ስሞች ናቸው።

ሁለተኛው ምክር «ሪዞሉሽኑን ዝቅ አድርጉት፤ ፊደሉ ይተልቃል» የሚለው ነው። ይህ ምክር ከፊል እውነት አለው። ዓይኑ ለደከመ ሰው ትልቅ ፊደል ያስፈልገዋልና አሳቡን አንነቅፍም፤ የምንነቅፈው መንገዱን ነው። 1920 በ1080 በሆነ ሞኒተር ላይ 1024 በ768 ብንመርጥ፥ ከ2,073,600 ነጥቦች ፈንታ የምንጠቀመው በ786,432 ነጥብ ምስል ብቻ ነው። ፊደሉ ተለቀ እንጂ አልጠራም። ሪዞሉሽኑን በተፈጥሮ ልኩ ትቶ፥ በዚያው በዲስፕሌይ ማስተካከያ ውስጥ ያለውን ስኬል ወደ 125 ወይም ወደ 150 በመቶ ከፍ ማድረግ ግን ለአንድ ፊደል የሚደርሰውን ነጥብ ያበዛል፤ ቀለበቱም ባዶነቱን ይጠብቃል።

ሦስተኛው ስሕተት የተለያዩ ብልሽቶችን እንደ አንድ መቍጠር ነው። አማርኛው የላቲን ፊደል ትርምስ ሆኖ ከታየ፥ ጥፋቱ ከሪዞሉሽን ጋር ግንኙነት የለውም። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ አስቀድሞ የተሠሩት ፎንቶች የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቍጥር ላይ ያስቀምጡ ነበርና፥ ፎርማት ሲደረግ ፎንቱ ከጠፋ ሰነዱ ትርጉም አልባ ይሆናል። እንዲሁም ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ የነበረው ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ 10 ወዲህ በተጨማሪነት የሚጫን ሆኗል፤ በስፍራው ኤብሪማ ያገለግላል። በኒያላ የተሰናዳ ቅጽ በሌላ ፎንት ሲከፈት መስመሩና ገጹ ሊዛወር ይችላል። ለዚህ የሚሻለው «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የተባለውን ከኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ መጨመር እንጂ ሞኒተር መግዛት አይደለም። ሠሪው ኩባንያም ከነቀፋ አያመልጥም፤ አንድ ሕዝብ ለዓመታት ሰነዱን የጻፈበትን ፎንት ከተራው ስፍራ ሲያነሣ፥ ለተጠቃሚው በገዛ ቋንቋው በግልጽ ሊነግረው ይገባ ነበር።

እንግዲህ ትክክለኛው የምርመራ ተራ እንደሚከተለው ቢሆን መልካም ይመስለናል። በመጀመሪያ የሞኒተሩን የተፈጥሮ ልክ ከጀርባው ጽሑፍ፥ ከመመሪያው ወይም በሞዴል ቍጥሩ ማወቅ። ሁለተኛ፥ በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ ከሚለው ሥር የተጻፈውን ስም ማንበብ፤ «ቤዚክ» የሚል ከሆነ ድራይቨሩን ከሠሪው ድረ ገጽ በሌላ ኮምፒዩተርም ቢሆን አውርዶ በፍላሽ ማምጣት። ሦስተኛ፥ ድራይቨሩ ትክክል ሆኖ ሳለ የሚፈለገው ልክ በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ኬብሉን መመርመር። ባለ 15 እግሩ የቪጂኤ ኬብል የሞኒተሩን ማንነት ለኮምፒዩተሩ የሚያስታውቀው በ12ኛውና በ15ኛው እግር በኩል ነው፤ እነርሱ የተሰበሩ ወይም የሌሉ እንደ ሆነ ምስል ይመጣል፥ ልኩ ግን አይታወቅም። አራተኛ፥ ይህ ሁሉ ተፈትኖ ካልተገኘ ብቻ ሞኒተሩን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሞክሮ መፍረድ።

ለአሮጌ የምስል ክፍል ሠሪው አዲስ ድራይቨር ሳያወጣለት የሚቀርበት ጊዜ መኖሩን አንክድም። እንዲህ ያለውን ግን አስቀድሞ መመርመር የሚገባው ሥርዓቱ ሳይለወጥ ነው፤ ፎርማት ከተደረገ በኋላ የሚመጣ ምክር ለባለ ሱቁ ወጪ ብቻ ነው።

በመጨረሻም ለባለሙያዎች አንድ አሳብ እናቀርባለን። ጥገናው አለቀ ከመባሉ በፊት «ቲ ቴ፥ ሊ ሌ፥ ቢ ቤ» ተብሎ በ12 መጠን ይጻፍና፥ ጸሐፊዋ ከምትቀመጥበት ርቀት ይነበብ። ጭረቱና ቀለበቱ ከተለዩ ሥራው አልቋል፤ ካልተለዩ ግን የዊንዶውስ ምልክት ምንም ያህል ቢያምር፥ ኮምፒዩተሩ ገና አልተጠገነም።