ሥዕሉ ብቻ አይበቃም፦ የልዩ ትምህርት ቤቶች የኦቲዝም ትምህርት ሲመዘን

ኦቲዝም ላለበት ሕፃን ወላጅ የምንሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ «ልዩ ትምህርት ቤት አስገቡት» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ያበቃል። ትምህርት ቤቱ ለሕፃኑ ምን ሊያደርግለት እንደሚችል፣ ምንስ ከአቅሙ በላይ እንደሆነ መርምረን የምንናገር ግን ጥቂቶች ነን። ይህ ጽሑፍ በአርአያነት የሚጠቀስ አንድ የማስተማሪያ ዘዴን በመመዘን ጉድለቱን ለማመልከት ይሞክራል።

«ቲች» በመባል የሚታወቀው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1966 ኤሪክ ሾፕለርና ሮበርት ራይክለር በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በጀመሩት ጥናት ተወጥኖ፣ በ1972 ግዛቱን በሙሉ የሚያገለግል ፕሮግራም ሆነ። መነሻው ኦቲዝም ያለበት ሕፃን ከሚሰማው ይልቅ የሚያየውን በቀላሉ ይረዳል የሚል ነው። ስለዚህ ክፍሉ ለሥራ፣ ለጨዋታና ለዕረፍት ተለይቶ ይዘጋጃል፤ የዕለቱም መርሐ ግብር በሥዕል ይቀርባል። ሕፃኑ ምን እንደሚሠራ፣ ምን ያህል እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚጨርስና ቀጥሎ ምን እንዳለ በዓይኑ አይቶ ይረዳል። ይህ ጭንቀቱን ለማቃለል የታሰበ ነው።

ሆኖም ዘዴውን ከልክ በላይ ማወደስ አይገባም። በ2013 የታተመ የጥናቶች ጥምር ትንተና በማኅበራዊ ጠባይ ረገድ መሻሻል ቢያሳይም፣ በተግባቦትና በዕለት ተዕለት የኑሮ ክህሎት የተገኘው ለውጥ አነስተኛ ነበር። «አፉን ይፈታልኛል» ብላ ለምትጠብቅ እናት ይህን በግልጽ መንገር የሙያ ግዴታ ነው።

የሾፕለር ትልቁ አስተዋጽኦም ሥዕሉ አይመስለኝም። በዚያ ዘመን ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ የኦቲዝምን መንስኤ ከወላጆች፣ በተለይም ከእናት ፍቅር ማጣት ጋር አያይዞት ነበር። ሾፕለር ይህን ተቃውሞ ወላጆችን የባለሙያው የሥራ አጋሮች አደረጋቸው። እንግዲህ ሥዕሉን ሰቅሎ ወላጁን ከበር የሚመልስ ትምህርት ቤት ዘዴውን ተከትሏል ሊባል አይችልም።

በአገራችንም እናቲቱ ከወቀሳ አላመለጠችም፤ የልጇ ሁኔታ እርግማን ወይም ልክፍት ይባላል። በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱትና በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ። እንዲህ ያለ ማዕከል ከጤና ተቋም ሳይሆን ከአንዲት እናት ጥረት መወለዱ ለሙያችን ትምህርትም ወቀሳም ነው።

ትምህርት ቤቱ የሕፃኑን መስማት አይመረምርም፤ የሚጥል በሽታን አያክምም፤ የእንቅልፍ ችግሩንና የጥርስ ሕመሙንም አይለይም። ድንገት የሚጮኽ ሕፃን ሕመሙን መናገር ያልቻለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሕፃኑን ወደ ልዩ ትምህርት ቤት ስንልክ የክትትል ቀጠሮውን አብረን እንስጥ፤ አስተማሪው የታዘበውንም ጠይቀን እንመዝግብ። ከሁሉ አስቀድመን ግን ለእናቲቱ ጥፋቱ የእርሷ እንዳልሆነ እንንገራት።