ዳገት ላይ የሚቀርብ ገብስ

አጎቴ ያረፉት በየካቲት 2014 ዓ.ም. ነው። አገራቸው ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ የሚያስኬድ ገጠር ነው። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ አብዛኞቹ የጎጃም ደብሮች ከጉብታው አናት ላይ በዛፍ ተከቦ ተቀምጧል። ከቤታቸው እስከዚያ ያለው መንገድ ታዲያ አንድ ወጥ ዳገት ነው። ቃሬዛው ሲነሣ ከፊት በቀኝ በኩል ገባሁ። ከእኔ ማን ሊቀድም! ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ ስማር ስንቄን በትከሻቸው ተሸክመው ያመጡልኝ የነበሩትም እሳቸው ናቸው። አሁን ተራው የእኔ ትከሻ ነበር።

መቶ እርምጃ የሄድኩ አይመስለኝም። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ይመታል። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ዓይኔ ጭልም ይልብኛል። ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው አንድ ገበሬ አጠገቤ መጡና፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወንድምዓለም፣ አምጣው ለእኔ። አንተ አልቅስ» አሉኝ።

አለቀስኩ። ለቀስተኛው ሁሉ ኀዘኑ አደከመው ብሎ አዘነልኝ። እውነቱን የምናውቀው እኔ፣ ቦርጬና እኒያ ገበሬ ብቻ ነበርን።

በማግሥቱ ድንኳን ውስጥ ምን ብባል ጥሩ ነው? «አዲስ አበባ ተስማምቶሃል! ፊትህ ወዛ፤ ሰውነትህም ሞላ» ተባልኩ። አንዷ ዘመዴ ጭራሽ ሆዴን እያዩ እግዚአብሔርን አመሰገኑ። አልፈርድባቸውም። ክፉ ቀን በተመላለሰበት አገር መክሳት የማጣት፣ መወፈር የማግኘት ምልክት ነው። ሰው ሲከሳ «ምን ነካው?» ይባላል፤ ሲወፍር ግን «ተመቸው» ነው። እኔም እኮ ሆዴን ለዓመታት እንደ ሹመት ይዤው ስዞር ነበር። ሹመቱ ምን እንደሚመዝን ያወቅሁት ያን ዕለት ቃሬዛው ሥር ነው።

የራሴ ሆድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለአደባባይ አላወጣውም ነበር። ነገር ግን ዙሪያዬን ስመለከት ጉዳዩ የአንድ ትውልድ ሆኖ አገኘሁት። አርባና ሃምሳ ዓመት የሞላን፣ ከገጠር ወጥተን በትምህርት ወንበር ያገኘን ሰዎች፣ ወንበሩን ካገኘን በኋላ አልተነሣንም። በልጅነታችን በሳምንት አንድ ቀን ስንቅ ለማምጣት ግማሽ ቀን በእግር የምንጓዝ ነበርን። ዛሬ ሁለት ፌርማታ ለመሄድ ታክሲ እንሰለፋለን። መኪና ያለው ደግሞ ዳቦ ለመግዛት ሞተር ያስነሣል። ባለ መኪና ሰው በእግሩ ሲሄድ ከታየ «መኪናህ ምን ሆነ?» ነው የሚባለው። መኪናው ደኅና ነው። የተበላሸው ሰውዬው ነው።

ከለቅሶው መልስ አራት አብሮ አደጎች ፍኖተ ሰላም ላይ ተገናኝተን ማልን። በሁለት ዓመት ውስጥ ጮቄን በእግራችን እንወጣለን አልን። ጮቄ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ የጎጃም ወንዞች እናት የሆነ ተራራ ነው። እኛ መሐላ የገባንባት ፍኖተ ሰላም 1900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ልዩነቱን በወረቀት ስታዩት ቀላል ነው። በጉልበት ግን ሌላ ነው።

የአገሬ ሰው ዳገት ላይ ደርሶ ፈረሱን ገብስ በሚቀልብ ሰው ይስቃል። ገብሱ መበላት የነበረበት ሜዳ ሳሉ ነዋ! እኛ ያደረግነው ግን ይህንኑ ነው። አዲስ አበባ እንደተመለስን አንዱ ጓደኛችን ውድ የስፖርት ጫማ ገዛ፤ ጫማው እስካሁን ነጭ ነው። ሁለተኛው ጂም ቤት የስድስት ወር ከፈለና አራት ቀን ሄደ። በአራቱም ቀን ስፖርቱን ያሳረገው በቁርጥ ነበር። እኔ ደግሞ የሃያ ዓመቱን ልጅ መስዬ በመጀመሪያው ጠዋት ሮጥኩ። በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቴ አብጦ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት እንዲህ ነው። ከአራታችን ብልሁ ቡሬ የሚያስተምረው ጓደኛችን ነበር። እሱ ምንም አልገዛም፤ ምንም አልከፈለም። በየጠዋቱ መሄድ ብቻ ጀመረ።

እዚህ ላይ የሚገርመኝ ነገር አለ። እኛ የሯጮች አገር ልጆች ነን። ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ላይ ማራቶንን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ 40 ዓመት ሞልቶት፣ ሙኒክ ላይ ነሐስ አመጣ። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2024 የለንደን ማራቶንን በ2፡04፡15 ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ ዕድሜው 41 ነበር። እኛ ታዲያ ይህን ሁሉ ሶፋ ላይ ተቀምጠን በጭብጨባ አየነው። «የአበሻ ደም እኮ ነው!» እያልን በሌላ ሰው ሳንባ ኮራን። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በታላቁ ሩጫ ኅዳር በመጣ ቁጥር ከተማው በካናቴራ ያሸበርቃል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ መንገዶቿን ለእግረኛ የምትለቅባቸውን ቀናት ጀመረች። መልካም ናቸው፤ እሰየው። ነገር ግን ብዙዎቻችን ካናቴራውን በአመት አንድ ቀን ለብሰን፣ በቀረው ቀን ፒጃማ እናደርገዋለን።

የነገሩ ሥር ያለው አስተሳሰባችን ላይ ይመስለኛል። ስፖርት ለእኛ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወይ ሜዳሊያ ነው ወይ ሐኪም የሚጥለው ቅጣት። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያልያዘው የሃምሳ ዓመት ሰው ቁምጣ ለብሶ ቢወጣ ሰፈሩ ይስቃል፤ «በዚህ ዕድሜ?» ይባላል። ሴት ከሆነች ደግሞ የባሰ ነው። ባለቤቴ ንጋት ላይ ቱታ ለብሳ መሄድ ስትጀምር አንዲት ጎረቤታችን «ልጆችሽን ደርሰሽ፣ አሁን ለማን ልታምሪ ነው?» ብላታለች። ለራሷ ጉልበት፣ ለራሷ ልብ ብላ ልትሄድ እንደምትችል ለጎረቤታችን አልታያትም። አርባን ስናልፍ ደረጃ ሲያስተነፍሰን «ዕድሜ ነው» እንላለን። ዕድሜማ ድርሻ አለው። ሰውነት ከሠላሳዎቹ ወዲያ በየአሥር ዓመቱ ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙን አሥር በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ ብዙው የዕድሜ ሳይሆን የመቀመጥ ዕዳ ነው። የሚንቀሳቀስ ሰው የሚያጣው ከሚቀመጠው በእጅጉ ያነሰ ነው። እኛ የወንበሩን ጥፋት በልደታችን ቀን ላይ እናሳብባለን።

ጉልበቴ ሲሻለኝ እንደገና ጀመርኩ፤ አሁን ግን እንደ ቡሬው ጓደኛዬ። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ግፊቴንና ስኳሬን ተለካሁ። ግፊቴ ከፍ ብሎ ተገኘ። ይኸው ነው አደገኛው ነገር፤ ሳያሳምም ዓመታት ይቀመጣል። ከዚያ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ሠላሳ ደቂቃ መራመድ ያዝኩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ የሚለው ይህንኑ ያህል ነው። ልኬቱ ቀላል ነው፤ እየሄድክ ማውራት ከቻልክ መዝፈን ግን ካልቻልክ ፍጥነትህ ልክ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ ጨመርኩበት። መውረዱ ይቀላል የሚል ካለ ተሳስቷል። ዳገት ሳንባን ነው የሚፈትነው፤ ጭንንና ጉልበትን የሚፈጀው ቁልቁለት ነው። የአገራችን ሰው ሽመል የሚይዘው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ስንቄንም ከብስኩት ወደ በሶ መለስኩ። ከስድስት ወር በኋላ ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ገባ፤ ግፊቴም ቀነሰ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ልምምዳችንን የፈተንነው በጥር 2015 ዓ.ም. ሰከላ ላይ ነው። ግሽ ዓባይን ያልሰማ የለም። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 የዓባይን ምንጭ አየን ብለው ለዓለም ያወሩለት ቦታ ነው። የአገሩ ሰው ግን የሚሄደው ምንጩን ለማግኘት ሳይሆን ለጠበሉ ነው። ለአቡነ ዘርዓ ብሩክ በዓል አክስቴን ይዘን ሄድን። አክስቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ጠበል ሳይጠጡ እህል አይቀመስምና በባዶ ሆዳቸው፣ በኮንጎ ጫማ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ፊት ፊት ይሄዳሉ። እኛ ባለ ጫማዎቹ ከኋላ ነን። ግን ደረስን። በየመሐሉ ዘወር እያሉ «ልጆቼ፣ አላችሁ?» ይሉናል። አለን፣ እናቴ። እያለከለክንም ቢሆን አለን።

እዚህ ላይ ጽሑፌን «ወደ ገጠር ሕይወት እንመለስ» ብዬ ብዘጋው ደስ የሚለው አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ከተሜ ሁሉ ገጠር ደርሶ ሲመለስ የሚዘፍነው ዘፈን ነውና። እኔም ተፈትኜ ነበር። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን «እርስዎማ ጤነኛ ነዎት፤ ምን አለብዎት!» ብላቸው አክስቴ ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው ጉልበታቸውን አሳዩኝ። አብጧል፤ ጎብጧል። «እንስራ ያጎበጠው ነው። መኪና ቢኖር መች በእግሬ እሄድ ነበር ልጄ» አሉኝ። አፌን ዘጋሁ። እሳቸው የሚሄዱት ስፖርት ወድደው ሳይሆን አማራጭ አጥተው ነው። ሃምሳ ዓመት ውኃና እንጨት የተሸከመ ወገብ ጠንካራ ሊመስለን ይችላል፤ ግን ያለቀ ወገብ ነው። የገጠሩ ሰው አካል በሥራ ብዛት ያልቃል፤ የእኛ በሥራ እጦት ይዝጋል። ሁለቱም ደኅና አይደሉም። አንዱ የሌላውን ሸክም በጥቂቱ ቢወስድ ኖሮ ምን ነበረበት? እኛ ለሸንቃጣነት ጂም ቤት ብረት ለማንሳት እንከፍላለን፤ እሳቸው ቧንቧ እስኪገባላቸው እንስራ ያነሳሉ።

ጮቄን ለመውጣት የቆረጥነው ለጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነበር። ከደብረ ማርቆስ ተነሥተን በሮብ ገበያ በኩል፣ ገብሱና እንግዶው እያለቀ ጅብራው ወደሚጀምርበት ልንወጣ። ቀኑ ሁሉ ተቆርጦ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ላይ በክልሉ ግጭት ተቀሰቀሰ። መንገድ ተዘጋ፤ ስልክ ጠፋ። ፍኖተ ሰላም ማለት «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። ስሙን በጠራሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ጮቄ ቀረ። ሰው በወጣበት በማይመለስበት ሰዓት ተራራ ለመውጣት መዘጋጀት ቅንጦት መሰለኝና ለሁለት ወር ያህል ተኛሁ። ያ የተራገፈ ሥጋም ወደ ባለቤቱ መመለስ ጀመረ።

ያስነሣኝ የቡሬው ጓደኛዬ ነው። መንገድ በተዘጋበት አንድ ሰሞን ፍኖተ ሰላም ያሉት እናቱ ታመው ነበር። መኪና የለም፤ ባጃጅ የለም። በድሮው በሰላሙ ጊዜ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ የሚደረስበትን መንገድ፣ ንጋት ላይ መድኃኒቱን በፌስታል ቋጥሮ በእግሩ ተነሣ። ማንኩሳ ላይ አረፍ ብሎ በሶውን ጠጣ። ይህቺው ማንኩሳ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪክ የሚጀምርባት ናት። ከሰዓት በኋላ እናቱ ደጃፍ ደረሰ። ስልክ ሲከፈት ደውሎ ይህን ሁሉ ነገረኝና በመጨረሻ «ጮቄን አልወጣንም የምትለው አንተ ነህ። እኔ ወጥቼዋለሁ» አለኝ። ዕድሜው 52 ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ቢሆን ኖሮ እኔም እሱም ከከተማው መውጫ ሳንርቅ ቁጭ ባልን ነበር።

ያኔ ነው የገባኝ። ተራራው ሰበብ ነው። አራት ሺህ ሜትር ላይ ቆሞ ፎቶ መነሣት ለጎልማሳ ሰው ምን ይጨምርለታል? ጉልበት የሚያስፈልገን ዳገቱ መቼ እንደሚመጣ ስለማናውቅ ነው። አንዱ ቀን የታመመች እናት ነው፤ አንዱ ቀን የተዘጋ መንገድ ነው፤ አንዱ ቀን ቃሬዛ ነው። የዚያን ቀን ገብስ መቀለብ አይጠቅምም።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ የእድራችን አባል አርፈው ለቀብር ወጣን። በቃሬዛው የግራ በኩል ገባሁ። መንገዱ ረጅም አልነበረም፤ ዳገቱም የጎጃም ዳገት አልነበረም። ከፊቴ ያለው ሰው፣ እንደ እኔ ያለ የቢሮ ሰው፣ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ከኋላ አየሁት። ዕድሜው ከእኔ ያንሳል። ጠጋ ብዬ ቦታውን ተቀበልኩት። የምለውን ከእኒያ ገበሬ ተምሬዋለሁና በለሆሳስ አልኩት፦

«አምጣው ወንድሜ። አንተ አልቅስ።»